የዐባይ ሙላት ምክንያትና የሰው አሳብ ታሪክ፤ ከሳጃና የተነሣ ትዝታ

በካርቱም ከተማ ሳጃና በሚባለው ሰፈር ብዙ ኢትዮጵያውያን ተጠጋግተው ይኖሩ በነበረበት ጊዜ፣ ለልጆቻቸው ጂኦግራፊና ታሪክ ሳስተምር ሳለሁ፣ በአንድ የነሐሴ ቀን አንድ ትንሽ ተማሪ እጁን አውጥቶ «መምህር፣ እዚህ ዝናም ሳይዘንም ወንዙ ስለ ምን ይሞላል?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው ቀላል መስሎኝ «ያገርህ ዝናም ነዋ!» ብዬ መለስሁለትና ወደ ጀመርሁት ትምህርት ተመለስሁ። መልሴ ሐሰት አልነበረም፤ ነገር ግን ጐደሎ ነበረ። የልጁ ጥያቄ የጥንት ሊቃውንትን ከ2,000 ዓመት በላይ ሲያከራክር የኖረ፣ ነገሥታትንም ያስፈራና ያስታበየ ጥያቄ መሆኑን የተረዳሁት ከዚያ በኋላ ነው። ይህንም ጽሑፍ የምጽፈው ያን ቀን ለልጁ ያልመለስሁለትን ቀሪ መልስ ለመክፈል ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአገራችን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

ሳጃና በዐረብኛ ወህኒ ጠባቂዎች ማለት ነው። ሰፈሩ በገበያው የታወቀ ነበር፤ ሲሚንቶ፣ ብረት፣ ቀለምና ሌላም የቤት መሥሪያ ዕቃ ይሸጥበታል። ከመንገዱ ወደ ውስጥ ሲገቡ ግን የቡና ጢስና የእንጀራ ሽታ ይቀበላል። ነጩና ጥቁሩ ዐባይ የሚገናኙበት ሙግረን የሚባለው ስፍራ ከዚያ ሩቅ አይደለም። በግንቦትና በሰኔ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ሲሆን፣ ከሰማይ ዳር እንደ ቀይ ግንብ የቆመ አቧራ ድንገት ይነሣል፤ የአገሩ ሰዎች ሐቡብ ይሉታል። ከሩቅ ካለ የነጐድጓድ ደመና ዝናሙ በደረቁ አየር ውስጥ ሲወርድ ይተንና አየሩን ያቀዘቅዘዋል፤ የቀዘቀዘውም አየር ከብዶ ወደ ምድር ሲወድቅ እንደ ፈሰሰ ውሃ በሜዳው ላይ ተዘርግቶ አቧራውን ያስነሣዋል። እንግዲህ ሐቡብ መሬት ሳይደርስ የቀረ ዝናም ነው ማለት ይቻላል። እኛ መስኮት ዘግተን በጨለማ ስንቀመጥ፣ የጐጃምና የበጌምድር ገበሬ በዚያው ወራት ደመናውን እያየ ማረሻውን ያሰናዳል።

በ2012 ዓ.ም. ክረምት ወንዙ ከዚያ በፊት ተለክቶ ከታወቀው ሁሉ በላይ ሞላ። በካርቱም መለኪያ ላይ ከ17 ሜትር ተኩል አለፈ፤ በ1938 እና በ1980 ዓ.ም. ከታዩት ትልልቅ ሙላቶችም በለጠ። በሱዳን ከመቶ በላይ ሰዎች ሞቱ፤ በነሐሴ መጨረሻም መንግሥቱ የሦስት ወር የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ዐወጀ። በእነዚያ ቀናት በገበያው የማውቀው ሲሚንቶ ሻጭ፣ ከዚያ በፊት ሻይ ሳይጋብዘኝ የማያሳልፈኝ ሰው፣ ፊቱን አዙሮ «ግድባችሁን ከፍታችሁ ለቀቃችሁብን» አለኝ። እውነቱ ግን የዚያን ዓመት ግድቡ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ 5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ የሚጠጋ ውሃ ያዘ እንጂ አልለቀቀም፤ ጥቁር ዐባይ በዓመት የሚያወርደው ደግሞ ወደ 50 ቢሊዮን ይደርሳል። ይህን ልነግረው ብሞክርም አልሰማኝም፤ የወንድሙ ቤት ፈርሶ ነበርና አልፈረድሁበትም። በዚያኑ ማታ አንድ የአገሬ ሰው ቡና ቤት ተቀምጦ «ብንፈልግ አንዲት ጠብታ አናሳልፍላቸውም!» ሲል ሰማሁት። ሁለቱ ሰዎች ጠላት ይምሰሉ እንጂ ያመኑት ነገር አንድ ነው፤ ሁለቱም ወንዙ በሰው እጅ ነው ይላሉ።

ይህ እምነት የትናንት አይደለም። በ11ኛው መቶ ዓመት በግብፁ ገዥ በአል ሙስተንሲር ዘመን የዐባይ ሙላት ለብዙ ዓመታት ጐድሎ ግብፅ በጽኑ ረኀብ ተቀጣች። ታሪኩ በግእዝም የተተረጐመለት ጊዮርጊስ ወልደ ዓሚድ እንደ ጻፈው፣ ገዥው ፓትርያርኩን አባ ሚካኤልን እጅ መንሻ አስይዞ ወደ ኢትዮጵያ ንጉሥ ላከው፤ ንጉሡም ውሃው የተዘጋበትን ስፍራ ቢያስከፍት ወንዙ ወዲያው ሞላ ይላል። ይህ እንዳልሆነ ዛሬ እናውቃለን፤ በዚያን ዘመን ዐባይን የሚያግድ ሥራ አልነበረም። ነገር ግን ወሬው በሁለቱም ወገን የተወደደ ነበር፤ ለግብፅ የረኀቧን ምክንያት ሰጣት፣ ለእኛም ነገሥታት ያለ ጦር የሚያስፈራ ስም አተረፈላቸው። በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የፖርቱጋሉ የህንድ አገረ ገዥ አልቡኬርክ እንኳ ወንዙን ወደ ቀይ ባሕር አዞራለሁ ብሎ የሚቈፍሩ ሠራተኞች ከማዴራ ደሴት እንዲላኩለት አስቦ ነበር። ካርታ ያልነበረው ሰው ተራራን እንደ ጕልት ይቈጥራል።

ከዚያ በፊት የግሪክ ሊቃውንት ነገሩን በሌላ መንገድ መርምረውት ነበር። ሄሮዶቱስ ከ2,400 ዓመት በፊት ግብፅን ጐብኝቶ በጻፈው መጽሐፍ የሦስት ሰዎችን አሳብ አቅርቦ ሦስቱንም ነቀፈ። አንደኛው ከሰሜን የሚነፍሰው የበጋ ነፋስ ወንዙን ወደ ኋላ ስለሚገፋው ይሞላል ይል ነበር፤ ሁለተኛው ከውቅያኖስ ይመጣል፣ ሦስተኛው ደግሞ ከሚቀልጥ በረዶ ነው ይሉ ነበር። ሄሮዶቱስ ወንዙ የሚወርደው ከሞቃት አገር ስለ ሆነ በረዶ ሊኖር አይችልም አለ፤ ውቅያኖስን የጠራውንም ሰው እንደ ተረት ተናጋሪ ቈጠረው። እኔ ግን ይህን ታሪክ ለተማሪዎቼ ባነበብሁላቸው ቁጥር ለዚያ ለተናቀው ሰው አዝንለታለሁ። ምክንያቱን ባያውቅም ከሦስቱ ወደ እውነቱ የቀረበ እርሱ ነውና፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። ከአርስቶትል ወዲህ የመጡት ሊቃውንት ሙላቱ ከኢትዮጵያ ተራሮች ዝናም እንደ ሆነ በትክክል ተናገሩ።

ከዚህ በኋላ ብዙ ሰው የምንጩን ጕድጓድ ሲፈልግ ኖረ። ፔድሮ ፓኤዝ በሚያዝያ 1610 ዓ.ም. ከዐፄ ሱስንዮስ ጋር ሄዶ ግሽ ዐባይን አየ፤ ጄምስ ብሩስም በኅዳር 1763 ዓ.ም. ደርሶ ከእርሱ በፊት ማንም ነጭ እንዳላየው አድርጎ ጻፈ። የሰከላ ሰዎች ግን ምንጩን ለማንም ሳይነግሩ ከጥንት ጀምሮ ያውቁት ነበር። ያም ሆነ ይህ፣ ምንጩን ያየ ሰው ሙላቱን አላየም። ከግሽ የሚወጣው ውሃ አንድ ማድጋ ቶሎ ለመሙላት የሚበቃ ነው። ካርቱምን የሚያጥለቀልቀው ውሃ በሺሕ ገደል፣ በሺሕ ጅረት፣ ከጣና ዙሪያ፣ ከጮቄ፣ ከጉና፣ ከወለጋና ከወሎ ሰብስቦ የሚወርደው የሦስት ወር ዝናም ነው። የወንዙ ውሃ በነሐሴ ወር በሚያዝያ ካለው ከ30 እጥፍ በላይ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ጥቁሩ ዐባይ በሙግረን በኩል ነጩን ዐባይ ተሻግሮ እንዳይሄድ እንደ ግድብ ያቆመዋል።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ዝናም ከሳጃና ይልቅ በጐጃም የሚወርደው ስለ ምን ነው? ካርቱም ከባሕር ወለል በላይ 400 ሜትር አትሞላም፤ በዓመትም የምታገኘው ዝናም እንደ ነገሩ 150 ሚሊሜትር ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። ደብረ ማርቆስ ግን ወደ 1,300 ሚሊሜትር ታገኛለች። ሁለቱ ከተሞች በአንድ ሰማይ ሥር፣ በአንድ የነፋስ ወራት ውስጥ ያሉ ናቸው። በሐምሌና በነሐሴ ከደቡብ ምዕራብ የሚመጣው እርጥብ ነፋስ ካርቱምንም ያልፋል፤ ነገር ግን በዚያ ላይ እርጥቡ አየር ስስ ነው፣ ከበላዩ ደረቅ የበረሃ አየር ተጭኖታል፣ ከሥሩም እንዲወጣ የሚያስገድደው ተራራ የለም። ያው ነፋስ ወደ ምሥራቅ ሲቀጥል ግን የኢትዮጵያን ተራራ ይገጥማል። አየር ሲወጣ ይሰፋል፣ ሲሰፋ ይቀዘቅዛል፤ እርጥብ አየር በየ1,000 ሜትሩ ወደ 6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። የቀዘቀዘ አየር የያዘውን ተን ሁሉ ይዞ ሊቆይ ስለማይችል ይደምናል፣ ይዘንማል። ይህንን ነገር አያቶቻችን በቴርሞሜትር ሳይለኩ ቈላ፣ ወይና ደጋና ደጋ ብለው ከፍለውት ነበር።

ተራራውስ ከወዴት መጣ? ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ውስጥ የተነሣ ትኩስ ነገር ቅርፊቷን ወደ ላይ ገፍቶ፣ በስንጥቆችዋም ወጥቶ፣ በሰፊው አገር ላይ እየተነባበረ ፈሰሰ። ይህም ጥቁር ድንጋይ በብዙ ስፍራ ከ1,000 ሜትር በላይ ውፍረት አለው። በኋላም ስሜን፣ ጮቄና ጉና የመሳሰሉት እሳተ ገሞራዎች በላዩ በቀሉበት። ምድሪቱ ስትሰነጠቅም የስምጥ ሸለቆው ወረደ፤ ከራስ ደጀን ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍታ እስከ ዳሎል ከባሕር በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅታ በአንድ አገር የሚታየው ስለዚህ ነው። ዐባይ ያንን ድንጋይ እየፋቀ ገደሉን ቈፈረ፤ የፋቀውንም አፈር ወስዶ ከካርቱም በስተ ደቡብ የሚገኘውን የጀዚራን ሜዳ ዘረጋ። በሳጃና ገበያ የሚሸጠው ዱራ በቀለበት ጭቃ የእኛ ተራራ የነበረ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ስሕተቴን ልናዘዝ። እኔ ራሴ እንደ ተማርሁት፣ የክረምቱ ዝናም ሁሉ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ እንደሚመጣ አድርጌ ለብዙ ዓመታት አስተምሬአለሁ፤ በሰሌዳው ላይ አንድ ቀስት እሥልና ነገሩ ያበቃ ነበር። ዛሬ የአየርን ጕዞ እየተከታተሉ የሚመረምሩ ሊቃውንት እርጥበቱ ከብዙ ስፍራ እንደሚሰበሰብ ያሳያሉ፤ ከህንድ ውቅያኖስ፣ ከቀይ ባሕር፣ ከሜዲቴራኒያን ባሕር፣ ከኮንጎ ደን፣ ከአትላንቲክም። ፀሓይ ወደ ሰሜን ስትመለስ ሁለቱ ነፋሳት የሚገናኙበት የዝናም መቀነት አብሮአት ይወጣል፤ ከማዳጋስካር በስተ ምሥራቅ ከተጫነው ከባድ አየር የሚነሣው ነፋስ በምሥራቅ አፍሪቃ ተራሮች ጥግ ጥግ እየሮጠ ወደ ህንድ ይሻገራል፤ በከፍታም የቲቤት አምባ ሙቀት ያስነሣው ነፋስ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ በአገራችን ላይ ያልፋል። አንድ ቀስት አይበቃም። አሁን ለመምህራን እጩዎች ይህን ስገልጽ ሰሌዳው በቀስት ይሞላል፤ እነርሱም ይስቃሉ፤ እኔም የቀድሞ ተማሪዎቼን አስባለሁ።

ሳይንሱ ይህን ያህል ከሄደ ዘንድ፣ ሙላቱ በየዓመቱ እኩል የማይሆነው ስለ ምን እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባል። በዚህ ላይ ነው ውቅያኖስ ያለው ያ የተናቀ ግሪካዊ የሚታወሰው።

በ1880 ዓ.ም. ክረምቱ ከሸፈ። በዚያው ዓመት ገደማ ጣልያኖች ወደ ምጽዋ ካስገቧቸው ከብቶች ጋር ደስታ የሚባለው የከብት በሽታ ገብቶ የአገሩን በሬ ፈጀው። ያረሰው በሬ አጣ፣ የዘራው ዝናም አጣ። እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ የቈየውን ያን ዘመን አባቶቻችን ክፉ ቀን ብለውታል፤ ከሕዝቡ ሲሶው አለቀ ሲባልም ይነገራል። ይህን ማንም የአገራችን ተማሪ ያውቀዋል። ያልተነገረው ሌላው ነው። በዚያው ዓመት የዐባይ ሙላት ስለ ጐደለ በኸሊፋ ዐብዱላሂ ዘመን በኦምዱርማን ከተማ ሰው በመንገድ ላይ በረኀብ ይወድቅ ነበር፤ ሱዳኖች ዓመተ ሂጅራው 1306 ስለ ነበረ ያን ረኀብ «ሰነት ሲታ»፣ ማለት ስድስተኛው ዓመት፣ ይሉታል። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ በመተማ ሲወድቁ፣ በሁለቱም ወገን የተሰለፈው ሠራዊት የመጣው ካልዘነመበት አገር ነበር። አንዱ ሌላውን ሲወጋ ሁለቱም በአንድ ጠላት ተከበው ነበር፤ ያም ጠላት ከዚያ ብዙ ሺሕ ኪሎ ሜትር ርቆ በሰላማዊ ውቅያኖስ ላይ የሞቀ ውሃ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በፔሩ ባሕር ዳር ያሉ ዓሣ አጥማጆች አንዳንድ ዓመት በልደት ሰሞን ቀዝቃዛው ባሕራቸው እንደሚሞቅና ዓሣው እንደሚጠፋ አይተው፣ ያን የውሃ ጕዞ በሕፃኑ በክርስቶስ ስም ኤልኒኞ አሉት። በ1896 ዓ.ም. በህንድ የአየር ጠባይ አገልግሎት ሹም የሆነው ጊልበርት ዎከር ደግሞ የህንድን የዝናም ጕድለት አስቀድሞ ለመናገር ሲደክም የዓለምን መዝገብ ሁሉ አገላበጠ፤ ከመረመራቸውም ምልክቶች አንዱ የዐባይ ሙላት ነበር። የህንድ ዝናም ሲጐድል የዐባይም ሙላት አብሮ የመጕደል ልማድ እንዳለው፣ በሰላማዊ ውቅያኖስና በህንድ ውቅያኖስ ላይ ያለውም የአየር ክብደት እንደ ሚዛን ተራ በተራ ከፍና ዝቅ እንደሚል አየ፤ በ1916 ዓ.ም. ለዚህ ነገር ስም ሰጠው። ብዙዎች አልተቀበሉትም ነበር፤ ምክንያቱን ሊያሳይ አልቻለምና። በ1961 ዓ.ም. ያኮብ ብየርክኔስ የሚባለው የኖርዌይ ተወላጅ ሊቅ የዓሣ አጥማጆቹ የሞቀ ውሃና የዎከር ሚዛን አንድ ነገር መሆናቸውን ገለጸ። ሰላማዊ ውቅያኖስ በምሥራቁ ሲሞቅ ዝናም የሚያወጣው አየር ስፍራውን ይለውጣል፤ በእኛም ሰማይ ላይ አየሩ የመውረድ ዝንባሌ ያገኛል፣ ክረምቱም ይሳሳል። በ1869፣ በ1880፣ በ1905 እና በ2007 ዓ.ም. ክረምት የሆነው ይህ ነው። በተቃራኒው ሲቀዘቅዝ ክረምቱ ይበረታል። ነገር ግን ይህ ሕግ ሳይሆን ዝንባሌ ነው፤ የ1976ና የ1977 ዓ.ም. ድርቅ ለምሳሌ በዚህ ብቻ አይገለጽም።

እሳተ ገሞራ እንኳ እጁን ያስገባል። በ1775 ዓ.ም. በአይስላንድ ደሴት ላኪ የሚባለው ስንጥቅ ተከፍቶ የድኝ ጢሱ ሰሜኑን የምድር ክፍል ጋረደ፤ የብሱ ሲቀዘቅዝ ነፋሱን የሚስበው ኀይል ደከመ፣ የዐባይም ሙላት በዚያና በተከታዩ ዓመት ጐደለ። ቮልኔ የሚባለው ፈረንሳዊ መንገደኛ በግብፅ ከስድስቱ ሰው አንዱ እንደ ጠፋ ጽፎአል። ግብፃዊው ረኀብተኛ ያን ጊዜ የጐንደርን ንጉሥ ረግሞ ይሆናል፤ አይስላንድ የሚባል ደሴት መኖሩን ማን ነግሮት!

በረዥሙ ዘመን ሲታይ ደግሞ ምድር በዛቢያዋ የምትወዛወዘው ነገር አለ። በ1937 ዓ.ም. አርኬል የተባለ እንግሊዛዊ በካርቱም ሆስፒታል ግቢ ሲቈፍር የዓሣ መውጊያ ጦሮችና ዛሬ በዚያ አገር የማይገኙ የረግረግ አራዊት አጥንቶች አገኘ። ከ11,000 እስከ 5,000 ዓመት በፊት የክረምቱ ፀሓይ ከዛሬ ይልቅ በሰሜን ትበረታ ስለ ነበረ፣ የዝናሙ መቀነት ወደ በረሃው ዘልቆ ይወጣ ነበር፤ ሰሃራም ሣር ያበቅል ነበር። ከዚያ በፊት ግን፣ ከ16,000 ዓመት ገደማ በፊት፣ ጣና ራሱ ደርቆ ነበር። ጣና ደረቀ ሲባል ሰምቶ ያላመነ ተማሪ ብዙ ጊዜ አጋጥሞኛል፤ እኔም መጀመሪያ ስሰማ አላመንሁም።

አሁን ወደ ሳጃና እንመለስ። ከ2012 በፊት የነበረው ትልቁ ጥፋት የመጣው በ1980 ዓ.ም. ሐምሌ 28 እና 29 ነው። በአንድ ቀንና ሌሊት ውስጥ በካርቱም 200 ሚሊሜትር ያህል ዝናም ወረደ፤ ይህም በልማድ በዓመት ከሚወርደው ይበልጣል። ያ ውሃ ከሰማይ በቀጥታ የመጣ ነው፤ ወንዙ የሞላው ኋላ ነው። በጭቃ የተሠሩት ቤቶች እንደ ስኳር ሟሙ፤ ከ1 ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ ያለ መጠለያ ቀረ። በዚያን ጊዜ በዐባይ ላይ የዛሬው ግድብ አልነበረም። ስለ 2012 ሙላት በሠፈሩ ክርክር በተነሣ ቁጥር ይህን ዓመት እጠቅስ ነበር፤ ሰው ግን ከሩቅ ውቅያኖስ ይልቅ ከቅርብ ጎረቤት ላይ መቈጣት ይቀለዋል። ግድቡ በጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቆአል፤ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ መያዝ ይችላልና ሙላቱን ሊያለዝብ፣ የበጋውንም ውሃ ሊያበዛ ይችላል፤ በክፉ አያያዝም ጕዳት ሊያደርስ ስለሚችል የሁለቱ አገሮች ባለ መለኪያዎች በየቀኑ ሊነጋገሩ ይገባል። ዝናሙን ግን አያዘንመውም፣ አያስቀረውምም።

ከዚያ ከነሐሴው ጥያቄ በኋላ ከተማሪዎቼ ጋር በቤቱ ጣራ ላይ የወተት ዱቄት ጣሳ አስቀመጥን፤ በተራ እየወጡ ዝናሙን በማስመሪያ ይለኩና በአንድ ደብተር ይጽፉ ነበር። አብዛኛው ገጽ ዜሮ ነው። በሌላው ዐምድ ሙግረን ድረስ ሄዶ የመጣ ልጅ የውሃውን ቀለም ይጽፋል፤ «ንጹሕ»፣ «ደፍርሶአል»፣ «እንደ ቡና»። በሰኔ መጨረሻ ጣሳው ባዶ ሳለ ቀለሙ ይለወጣል፤ ልጆቹም ያን ቀን በአባቶቻቸው አገር ዝናም እንደ ጀመረ በስልክ ጠይቀው ከጐኑ ይጽፉ ነበር። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ ተነሥቶ ሳጃና ሲበተን እኔ ወደ አገሬ ተመልሼ ነበር። አንድ እናት ልጆችዋን ይዛ በመተማ በኩል ስትወጣ፣ ከያዘችው ጥቂት ዕቃ ጋር ያ ደብተር ነበረ፤ ከዚያ ወዲያ እጄ ገባ። ያ ሲሚንቶ ሻጭ የት እንደ ገባ ለማወቅ ብጠይቅም እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም። ደብተሩን አሁን የመምህራን እጩዎች ከደብረ ማርቆስ የዝናም መዝገብ ጋር ቀን በቀን ያስተያዩታል፤ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ያ ጠያቂ ልጅ በትልልቅ ፊደል «ዝናም የለም፤ ወንዙ ሞልቶአል» ብሎ ጽፎበታል።